የፋሂም ቀኝ እጅ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ጥግ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ፋሂም የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበረ። ቤቱ ጠባብ ናት። አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ አግዳሚ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ በቃ። ፀጉሩን እንደ ኳስ ተጫዋች መቆረጥ የሚፈልግ ወጣት እዚያ አይገባም። የፋሂም ደንበኞች ጺማቸውን በምላጭ መላጨት የለመዱ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰዎች ነበሩ። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ምላጩ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ እንኳ ሰው በፋሂም እጅ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ትውልዱ ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው ሰርቦ ነው። ልጅ ሳለ በገበያ ቀን አጎቱ ዛፍ ሥር ወንበር ዘርግቶ ገበሬውን ሲላጭ እያየ ሥራውን ለመደ። ሲጎለምስ ጅማ ገባ፤ ሳቢሃን አገባ፤ ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ፀጉር አስተካካይ ሁሉ ወሬኛ ነው የሚል ሰው ፋሂምን አያውቀውም። ወሬ አይወድም። ሲሠራ ግን መንዙማ ያንጎራጉራል፤ ከቃሉ ይልቅ ዜማው፣ ከድምፁ ይልቅ ትንፋሹ የሚሰማ ዓይነት ማንጎራጎር። ደንበኛው እሱን እየሰማ ነው የሚያንቀላፋው።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የቀኝ ክንዱ ሥጋ ያለ ምክንያት መርገብገብ ጀመረ። አያምም። ቆዳው ሥር አንዳች ነገር ዘለል ትልና ትተወዋለች፤ ቆየት ብላ ደግሞ ሌላ ቦታ ትዘላለች። ዓይን ሲርገበገብ እንግዳ ይመጣል እንደሚባለው፣ ፋሂምም ነገሩን በቀልድ ያዘው።

«ሳቢሃ፣ ክንድ ሲርገበገብ ምን ይባላል?» አላት አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«የምትመታው ሰው አለ ማለት ነዋ!» አለችና ሳቀች። «ማዶ ያለውን ሰውዬ ልትመታው ይሆናል።»

ማዶ ያለው ሰውዬ ወንድወሰን ነው። ወንድወሰንና ፋሂም በዚያችው ጠባብ ቤት ጎን ለጎን ብዙ ዓመት ሠርተዋል። የወንድወሰን አባት ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውረው መጥተው እዚሁ ጅማ የቀሩ ናቸው። ፋሲካ ሲሆን ፋሂም ወደነሱ፣ ኢድ ሲሆን ወንድወሰን ወደነፋሂም ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፋሂም ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ከአስፋልቱ ማዶ አዲስ ታፔላ አየ። ወንድወሰን ትልልቅ መስታወትና ሙዚቃ አስገብቶ የራሱን ቤት ከፍቷል። ፋሂምን ያስከፋው መውጣቱ አልነበረም። «ሰው ከቤት ሲወጣ ደህና ዋሉ ይላል» ነበር ያለው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም። ለቅሶ ቤት ቢገናኙ እንኳ አንዱ በድንኳኑ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ነው የሚቀመጡት።

መርገብገቡ አልተወውም። ከክንዱ ወደ ትከሻው ወጣ፤ አንዳንዴም ጭኑ ላይ ይታያል። ሲተኛ ደግሞ ባቱን ጨምድዶ ይይዘው ጀመር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነበት። አንዱ ጫቱ ነው አለ፤ ሌላው ብርድ ነው አለ። ፋሂም ራሱ የጠረጠረው ዕድሜውን ነው፤ ሃምሳን ያለፈ ሰው ምን የማይሆነው አለ? አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልተናገረም። ሶላት ላይ ለተሸሁድ ሲቀመጥ የሚያነሣት የሸሃዳ ጣቱ፣ ያቺ ጠቋሚዋ፣ እንደ ድሮው ቀጥ ብላ አልቆም አለች። ትነሣና ጎንበስ ትላለች። የጠዋቱ ብርድ ነው ብሎ አለፈው።

ዶክተር መሳይ የሚባል ሐኪም አለ። ገና የሕክምና ተማሪ ሆኖ ጅማ ከገባ ጀምሮ ጺሙን ለፋሂም የሰጠ ሰው ነው። ተመርቆ፣ አዲስ አበባ ሄዶ የነርቭ ሕክምና ተምሮ፣ ተመልሶ እዚሁ ሲመደብም ወንበሩን አልቀየረም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ አረፋ ተቀብቶ ተቀምጧል። እሱ እንደኛ ዓይኑን አይጨፍንም፤ መስታወቱ ውስጥ የፋሂምን እጅ ያያል። ፋሂም ምላጩን ለመቀየር እጁን ወደ ብርሃኑ ከፍ ሲያደርግ፣ በአውራ ጣቱና በሸሃዳ ጣቱ መሃል ያለው ሥጋ ጎድጎድ ማለቱን ዶክተሩ አየ። እጅጌውን ሰብስቦት ስለነበር ክንዱም ታየው። ከቆዳው ሥር ጉንዳን የሚተራመስ ይመስል ነበር።

ዶክተሩ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። አግዳሚው ላይ የተደረደርነውን ሰዎች አየና ተወው። ፊቱን ጠርጎ፣ አመስግኖ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ እንደ ተከፈተ ተመልሶ መጣ። ጺሙ ገና አላደገም።

«ዶክተር፣ ምን ረሳህ?» አለው ፋሂም።

«ምንም አልረሳሁ። ጋሽ ፋሂም፣ እጅዎን ቢያሳዩኝ?»

ፋሂም እየሳቀ እጁን ዘረጋ። ዶክተሩ አልሳቀም። አውራ ጣቱን ይዞ እንዲገፋው ነገረው፤ ፋሂም ገፋ። ደግሞ ጣቶቹን እንዲዘረጋ አደረገው።

«መርገብገቡ ከጀመረ ቆየ?»

«ከክረምት ወዲህ ነው። አያምም እኮ።»

«ቁልፍ ማዞር ይከብድዎታል?»

ፋሂም አይከብደኝም ሊል ነበር። የሱቁን ቁልፍ በግራ እጁ ማዞር ከጀመረ ሰንበት ማለቱ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። መቼ እንደ ጀመረ፣ ለምን እንደ ጀመረ አያውቅም። እጁ ለእጁ ሥራውን አስተላልፎ እሱ አልሰማም ነበር።

«ሆስፒታል እኔ ጋ ይምጡ» አለው ዶክተሩ። «አይፍሩ። የሰው ሥጋ ብዙ ጊዜ በከንቱ ይርገበገባል፤ የኔም ይርገበገባል። አብዛኛው ምንም አይደለም። ግን ማየት አለብኝ።»

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተሩ ልብሱን አስወልቆ አስቀመጠውና ለረጅም ጊዜ ምንም ሳያደርግ ጀርባውንና ክንዶቹን ተመለከተ። በትንሽ የጎማ መዶሻ ጉልበቱንና ክርኑን መታ መታ ሲያደርገው እግሩ ከሚገባው በላይ ፈነጠረ። ምላሱንም አስወጥቶ አየ። ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ጫትና ቡና እንዲያቆም አዘዘው፤ ሁለቱም ሥጋን ያርገበግባሉና። ጅማ ውስጥ ጫትም ቡናም የተወ ሰው ከማን ጋር ይቀመጣል? ፋሂም ግን ተወ። ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ሲሰበሰቡ እሱ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በር ላይ ይቆም ነበር። መርገብገቡ ግን ጫቱንም ቡናውንም የሚያውቅ አልመሰለም። የአንገቱ ምስል ተነሣ። አንገት ላይ የተጨቆነ ነርቭ ቢገኝ ኖሮ ደስታ ነበር፤ ይታከማላ! አልተገኘም። የቀረው አንድ ምርመራ ነው፤ ለዚያ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት።

ከሳቢሃ ጋር በጠዋት መኪና ተሳፈሩ። አሰንዳቦ ላይ መኪናው ሲቆም ሳቢሃ በመስኮት ሙዝ ገዝታ፣ አንዱን ልጣ ሰጠችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጣለት አታውቅም። ሁለቱም ይህን አስተዋሉ።

አዲስ አበባ ላይ አንዲት ሐኪም ቀጭን መርፌ ክንዱ ጡንቻ ውስጥ ከተተች። መርፌው በሽቦ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል።

«ክንድዎን ያሳርፉት፤ ምንም አያድርጉ» አለችው።

አሳረፈው። ያረፈ ጡንቻ ዝም ማለት አለበት። የፋሂም ክንድ ግን ዝም አላለም። ከማጉያው ጠብ፣ ጠብ፣ ቆይቶ ጠብ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ቆርቆሮ ላይ የሚጀምር ዝናብ ይመስላል።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም።»

«አውቃለሁ» አለች ሐኪሟ ዝግ ብላ።

ውጤቱን ይዘው ጅማ ተመለሱ። ዶክተር መሳይ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ከጠረጴዛው ጀርባ ተነሣና ወንበር ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠ። ፋሂም በኋላ ሲያጫውተኝ፣ ሐኪም ከጠረጴዛው ሲነሣ ነገሩ ክፉ መሆኑን ማወቁን ነገረኝ።

«ጋሽ ፋሂም፣ እጅዎ ምላጭ የሚይዘው ከጭንቅላት ትእዛዝ ስለሚወርድለት ነው» አለ ዶክተሩ። «ትእዛዙን የሚያወርዱ ነርቮች አሉ፤ ከጀርባ አጥንት ውስጥ ተቀብለው ለጡንቻው የሚያደርሱ ሌሎች አሉ። የእርስዎ ሕመም የያዘው እነዚህን ነው። ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ጡንቻውም የሚያዘው ሲያጣ ይደክማል፣ ይከሳል።»

«ታዲያ መርገብገቡስ?»

«እሱ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ነው። ሰው በሽታው በድካም የሚጀምር ይመስለዋል። ነርቮቹ ግን ከመድከማቸው በፊት እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ይሆናሉ። ትንሹ ነገር ያስበረግጋቸዋል። ማንም ሳያዛቸው ጡንቻውን ያዛሉ። አዲስ አበባ የሰሙት ድምፅ እሱ ነው።»

ፋሂም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተመለከተው። «የሚገድላቸው መበርገጉ ነው? ወይስ ሊሞቱ ስለሆነ ነው የሚበረግጉት?»

ዶክተሩ ትንሽ አሰበ። «በዚህ ጥያቄ አጥኚዎች እስካሁን ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ከልክ ያለፈው ንቃት ራሱ ነው የሚያቃጥላቸው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ የወደቁ ጓደኞቻቸውን ሥራ ደርበው ሊሠሩ ሲታገሉ ነው ይላሉ። እኔ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«ይድናል?»

«የሚያድነው መድኃኒት እስካሁን የለም። መበርገጉን ትንሽ የሚያለዝብ አንድ መድኃኒት አለ፤ ጊዜ ይጨምራል። ብዙ አይደለም፤ ግን ይጨምራል። የሕመሙ አካሄድ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዳንዱ ጥቂት ዓመት፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ ይቆያል። ከሁሉ ቀድሞ የሚደክመው እጅዎ ነው። በኋላ ድምፅዎንም ሊነካው ይችላል።»

ይህን ጊዜ ሳቢሃ ተነሥታ ቆመች።

«ዶክተር፣ ይህ ሰው ትናንት ሲሠራ ነው የዋለው! ይበላል፣ ይስቃል፣ ምላጭ ይይዛል። መድኃኒት ከሌለህ ለምን ነገርከው? ሳያውቀው ትንሽ ቢኖርስ? ምን ነበረበት?»

ዶክተሩ ወደ መሬት አየ። «አላውቅም፣ እትዬ ሳቢሃ» አለ። «ያን ቅዳሜ መስታወት ውስጥ እጃቸውን ሳየው ዝም ብዬ ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር። እሑድን ሙሉ ሳስብበት ዋልኩ።»

ፋሂም ሚስቱን ክንዷን ያዝ አደረጋት። «ነይ እንሂድ። ልጁ ምን ያድርግ።»

ሳቢሃ በዚያ አላበቃችም። ዓይን ነው አለች፤ ሥራው ያማረ ሰው ዓይን ይበላዋል አለች። የምታምናቸው ሼኽ ዘንድ ወሰደችው። ሼኹ ቁርኣን አነበቡበት፤ እጁን በእጃቸው ይዘው መርገብገቡን በመዳፋቸው አዳመጡ። «ዱዓው ይቀጥላል፤ የሐኪሙንም መድኃኒት አትተው። ሁለቱንም የሰጠ አንድ አላህ ነው» አሏቸው። ሳቢሃ ከዚያ ስትመለስ አለቀሰች፤ ሼኹም እንደ ዶክተሩ ማለታቸው ነው ያስለቀሳት።

ፋሂም ሥራውን ቀጠለ። ለማንም አልተናገረም። ምላጩን ትቶ ቶንዶስ የሚበቃበት ቦታ ሁሉ በቶንዶስ መሥራት ጀመረ፤ ለምን ስንለው «ጊዜው የቶንዶስ ነው» ይለናል። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔና እሱ ብቻችንን ሆነን ሳለ ግን ሁሉንም ነገረኝ። እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ያ ነገር ከቆዳው ሥር ሲዘል አየሁት።

«ዶክተሩ ሁለት ነገር ነግሮኛል» አለኝ። «ወይ ራሳቸውን እያቃጠሉ ነው፣ ወይ የወደቁትን ሥራ ደርበው እየሠሩ ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምይዘው። ማንም አያውቅም ካሉ መምረጥ እችላለሁ አይደል? ማታ ሲዘሉብኝ፣ በርቱ እላቸዋለሁ።»

በርቱ ማለት ለሰው ነው፤ ለነርቭ ማን ይላል?

አቶ ሀብተጊዮርጊስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ አሉ። ሰማንያን የተሻገሩ ናቸው፤ ጺማቸውን ከብዙ ዓመት ወዲህ ከፋሂም በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። አንድ ቀን ፋሂም ከጆሯቸው ሥር ሲላጫቸው አውራ ጣቱ ሸርተት አለችበትና ምላጩ ቆረጣቸው። ደሙ ነጩን ፎጣ ነካ። ፋሂም ጥጥ ይዞ ተንደረደረ።

«ተወው፣ ተወው፣ እኔ ነኝ የተንቀሳቀስኩት» አሉ ሽማግሌው።

አልተንቀሳቀሱም። ፋሂም ያውቃል፤ እኛም አይተናል።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። እንደ ወትሮው ባርኔጣቸውን ሰቀሉ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ አገጫቸውን ቀና አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፋሂም ምላጩን እንደያዘ ከኋላቸው ቆሞ ቀረ። የቆሰለው ቦታ ገና አልሻረም። ቆይቶ ምላጩን አስቀመጠ።

«ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ ይነሡ።»

«ምነው? ሰው ቀደመኝ?»

«አይደለም። ማዶ እንሻገራለን።»

ዳኛው ምንም ሳይጠይቁ ተነሡ። ፋሂም ክርናቸውን ይዞ ወደ አስፋልቱ መራቸው። ፎጣው ከአንገታቸው አልወረደም። አንድ ባጃጅ ቆሞ አሳለፋቸው። እኔና አግዳሚው ላይ የነበሩት ሌሎች ሰዎችም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባን ተከተልናቸው። ሁለቱ ሰዎች ለስንት ዓመት እንደተኳረፉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሱቅ በር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር።

ወንድወሰን አንድ ወጣት ወንበር ላይ አስቀምጦ በቶንዶስ ይሠራ ነበር። ፋሂምን በር ላይ ሲያየው ቶንዶሱን አጠፋው። ሙዚቃውንም አንድ ሰው ቀነሰው።

«አካም ጅርታ፣ ወንዴ?» አለ ፋሂም። አብረው ሲሠሩ ጠዋት ጠዋት እንደዚያ ነበር በኦሮምኛ የሚጠያየቁት።

«ደህና... እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናቸው። ግራ አገጫቸው ሥር የቆየ ጠባሳ አለ፤ እዚያ ላይ ምላጩን ሽቅብ እንዳትሄድበት። ፎጣውን በሙቅ ውሃ ንከርላቸው፤ ቀዝቃዛ ያስነጥሳቸዋል።»

ወንድወሰን ወደ ሽማግሌው፣ ከዚያ ወደ ፋሂም፣ ከዚያ በር ላይ ወደ ተኮለኮልነው ሰዎች አየ። ቀልድ መስሎት ነበር። «ምን ሆነሃል?» አለ በመጨረሻ።

ፋሂም ቀኝ እጁን ዘረጋለት። «ሊከዳኝ ነው። ሐኪሞቹ ነግረውኛል። ሳይከዳኝ ሰዎቼን ላስረክብ ነው የመጣሁት።»

ወንድወሰን እጁን ያዘው። ለሰላምታ ይሁን ለማየት አልለየለትም፤ ይዞት ቆየ። መርገብገቡ እንደ ተሰማው ፊቱ ላይ አየን።

«እኔ ምላጭ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ፣ ፋሂም! እጄ ቶንዶስ ብቻ ነው የለመደው።»

«ቆሜ አያለሁ።»

ወጣቱ ልጅ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ሳለ ተነሥቶ ለዳኛው ቦታ ለቀቀ። ወንድወሰን ፎጣ ነከረ፤ አረፋ ቀባ፤ ምላጩን ያዘ። ፋሂም ከጎኑ ቆሞ፣ «ቆዳውን ሳብ አድርገው... ዝግ በል... ኤዬ፣ አዎ፣ እንደሱ» ይለዋል። ሙዚቃውን ማንም አልመለሰውም። ዳኛው መጀመሪያ ዓይናቸውን ከፍተው ነበር፤ ወደ መጨረሻው ጨፈኑ። ያን ጊዜ ወንድወሰን በእጅጌው ፊቱን ጠረገ፤ ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም። ሲጨርስ አንድ ወንበር በፎጣ ወልውሎ ለፋሂም አቀረበለት።

«ተቀመጥ። እስከ መቼ ቆመህ ታያለህ?»

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ፋሂም ሁላችንንም አንድ በአንድ አሻገረን። የእኔ ተራ ሲደርስ፣ «ይሄኛው ሲላጭ ያወራል። ጉሮሮው ላይ ስትደርስ ጥያቄ እንዳትጠይቀው» ብሎ አስረከበኝ። ጠባቧን ቤት ሳቢሃ ወስዳ ሻሽ፣ ሂጃብና ሽቶ ትሸጥባት ጀመር። ፋሂም ከጠዋት ጀምሮ ወንድወሰን ዘንድ ይቀመጣል፤ የሚመጣውን ሰው ያስተናግዳል፤ በምላጭ የሚላጭ ሰው ሲኖር አጠገቡ ሄዶ ይቆማል። ሁለቱ ስለ ድሮው ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን ወንድወሰን ለምሳ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ «ፋሂም፣ ምሳ ልበላ ሄድኩ» አለው፤ ሁላችንም ስቀን ፋሂምም ሳቀ።

መድኃኒቱን ዶክተር መሳይ ከአዲስ አበባ ያስመጣለታል። ሲገኝ ይውጣል፣ ሲጠፋ ይጠብቃል። ዶክተሩ ተማሪዎቹ እንዲያዩት ለምኖት፣ ሳቢሃ እየተቆጣች እሺ አለው። ወጣቶቹ በዙሪያው ቆመው ትከሻው ሲርገበገብ ያዩ ነበር፤ ዶክተሩም ይህን በሌላ ሰው ላይ በጊዜው እንዲለዩ ያስተምራቸዋል። አንድ ጊዜ፣ በጊዜ ማወቁ ይሻለው እንደሆነ ፋሂምን ጠየቅኩት።

«አንዳንድ ቀን እጠላዋለሁ» አለኝ። «ምነው ያ ልጅ እንደናንተ ዓይኑን በጨፈነ እላለሁ። ደግሞ አስበዋለሁ። ባላውቅ ኖሮ አንዱን ሰው አርጄው ነበር የማውቀው።»

ዓመት ሲሆነው ቀኝ እጁ ከጎኑ መውረድ ጀመረ። ማንኪያ ሲይዝ ይወድቅበታል። ሳቢሃ ላጉርስህ ስትለው ፊቱን ያዞራል፤ በግራው እየታገለ፣ እያፈሰሰም ቢሆን ራሱ ይበላል። ቀጥሎ ምላሱ ከበደች። መንዙማውን ሲያንጎራጉር ዜማው አለ፣ ቃሉ ግን እርስ በርሱ ይጣበቃል። ይህን ጊዜ ነው ሳቢሃን ሰርቦ እንሂድ ያላት።

ሰርቦ ውስጥ ኩልሱም የምትባል ታላቅ እህት አለችው። ያሳደገችው እሷ ናት። ሕመሙ በታወቀ ጊዜ ባሏን ከቀበረች ብዙ አልቆየችም ነበርና፣ ሐዘን በሐዘን ላይ አልጨምርባትም ብሎ ደብቋታል። በስልክ ሲያወሩ ደህና ነኝ ይላታል፤ ድምፁ ሲለወጥ ደግሞ ስልኩን ለሳቢሃ መስጠት ጀመረ። አሁን ግን ሌላ ሰው ሳይነግርለት በገዛ አፉ ሊነግራት ፈለገ።

የሆነውን ያጫወተችኝ ሳቢሃ ናት። የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ኩልሱምን ያገኟት ግቢዋ ውስጥ፣ ቆጥ ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና በእጇ ስታገላብጥ ነው። ፋሂም ቁጭ ሳይል፣ እዚያው ቆሞ፣ ቀስ እያለ ነገራት። አንዳንዱ ቃል አልወጣ እያለው ይደግመዋል። ስለ እጁ፣ ስለ ነርቮቹ፣ ስለ ድምፁ፣ መድኃኒት እንደሌለው። ኩልሱም ቡናውን ማገላበጥ አላቆመችም።

«ኦቦሌሳ ኮ» አለችው ሲጨርስ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ሰርቦና ጅማ ምን ያህል ይራራቃሉ? ከሰማሁ ቆየሁ እኮ። ራስህ መጥተህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት።»

ኩልሱም እጇን ከቡናው አነሣች።

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

ገብታ ምግብ ይዛ ወጣች። እጇን ታጠበች፤ ከፊቱ ተቀምጣ ጠቀለለችና፣ «አፍህን ክፈት» አለችው። ሳቢሃ ፊቱን ያዞራል ብላ ጠበቀች። አላዞረም። ከፈተ። ኩልሱም እስኪጠግብ አጎረሰችው። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ እንባው መጣ፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና ሦስተኛውን ጠቀለለች።

ከምሳ በኋላ ሦስቱም ከቆጡ አጠገብ ተቀመጡ። ሴቶቹ የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ፋሂም በግራ መዳፉ ቡናውን እየገፋ ይበትናል። ስለ ወንድወሰን አጫወታቸው፤ ዳኛውን ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ አስፋልት እንዴት እንዳሻገራቸው ሲነግራት ኩልሱም እስክታነባ ሳቀች። ያልገባት ቃል ሲኖር፣ «ድገምልኝ» ትለዋለች። እሱም ይደግምላታል።